ጸጋ ሕግን አልሻረም፦ ስለ ሕግ፣ ስለ ኃጢአትና ስለ በጎ ሥራ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ እግዚአብሔር ሕግ፣ ስለ ሰው ኃጢአትና ስለ በጎ ሥራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙዎች ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። ጸሐፊው ወንጌላዊ ክርስቲያን ናቸው፤ የጻፉትም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለመንቀፍ ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕግ የተሰጠው ሰውን ለመኰነን ብቻ ስለሆነ ክርስቶስ ከመጣ በኋላ ተግባሩ አብቅቷል፤ ሰው በኃጢአት ፈጽሞ ስለ ሞተ በጎ መሥራት ቀርቶ በጎን መሻት እንኳ አይችልም፤ አብርሃም የጸደቀው በእምነት ብቻ ነው፣ ያዕቆብ ስለ ሥራ የተናገረውም በሰው ፊት ስለሚታይ ማስረጃ ነው፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋትና ቀኖና ድኅነትን በዋጋ ለመግዛት የሚደረጉ ከንቱ ሙከራዎች ናቸው፤ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አንድም ሥራ ሳይሠራ ገነት መግባቱ ክርክሩን ይዘጋዋል። ሲያበቁም «ድነሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የሚመልስ ክርስቲያን ወንጌል ያልገባው ነው ይላሉ።

ጽሑፉ ጨዋ ነው። በዚህ ርእስ ላይ በአማርኛ ከሚጻፈው አብዛኛው ከሁለቱም ወገን ዘለፋ የተሞላ በመሆኑ ይህ ሳይመሰገን ሊታለፍ አይገባውም። ይሁን እንጂ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ያልተመረመረ ሐሳብ ይዞ ይጓዛል፤ ይኸውም በጎ ሥራ ወይ የድኅነት ዋጋ ነው፣ ወይም ከድኅነት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሁለቱ አንዱንም አታስተምርም። በእርስዋ ትምህርት በጎ ሥራ በጸጋ በነጻ የተሰጠው አዲስ ሕይወት ሲኖር የሚታይበት መልክ ነው፤ የሚኖር ሕይወት ደግሞ ዋጋም አይባልም፣ ትርፍ ነገርም አይደለም። ከዚህ በታች ነጥቦቹን በተነሡበት ቅደም ተከተል እመለከታቸዋለሁ።

ስለ ሕግ የቀረበው ማስረጃ ኃጢአት በሕግ ይታወቃል የሚለው የሮሜ መልእክት ቃል (3፥20) እና ክርስቶስ የሕግ ፍጻሜ ነው የሚለው (10፥4) ነው። ሕግ ኃጢአትን እንደሚገልጥ የሚክድ የለም። ሆኖም ሐዋርያው ጸሐፊው ከጠቀሱት ቃል ዐሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ወረድ ብሎ «እንግዲህ ሕግን በእምነት እንሽራለንን? አይደለም፤ ሕግን እናጸናለን» ይላል። በምዕራፍ ሰባትም ሕጉ ቅዱስ፣ ትእዛዚቱም ቅድስትና ጻድቅት በጎም እንደሆነች ይመሰክራል። ለመኰነን ብቻ የተሰጠ ነገር በጎ ሊባል አይችልም፤ ዳዊትም ለእግሬ መብራት ለመንገዴ ብርሃን ነው ብሎ ባልዘመረለት ነበር።

ጸሐፊው ሕግ ሲሉ የሚያስቡት በሲና የተሰጠውን ጽላት ብቻ ይመስላል። መምህራኖቻችን ግን ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ብለው በሦስት ይዘረዝሩታል፤ አዘራዘሩ ደግሞ ለዚህ ክርክር ቀጥተኛ መልስ አለው። ቃየል ወንድሙን በገደለ ጊዜ «አትግደል» የሚል ጽሑፍ በምድር ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥፋተኛ መሆኑ አልቀረለትም። ዮሴፍም የጲጥፋራን ሚስት እምቢ ሲል በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት አልሠራም ብሎ ነው፤ ሙሴ ሊወለድ ገና ብዙ ዘመን ነበረው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ በልባቸው የተጻፈውን የሕግ ሥራ ያሳያሉ፣ ኅሊናቸውም ይመሰክርላቸዋል (ሮሜ 2፥14-15) ያለው ይህንኑ ነው። ከሲና በፊት የነበረ ሕግ የሲና ሥርዓት ቢያልፍ አብሮ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ጌታ በተራራው ስብከቱ ያደረገውም ማጥበቅ ነው፦ «አትግደል» የሚለውን ወደ ቁጣ፣ «አታመንዝር» የሚለውን ወደ ምኞት አስገብቶ ሥሩን ነካ።

ታዲያ ያለፈው የትኛው ነው? ጸሐፊው እዚህ ላይ የመዘዙት ካርድ ተዋሕዶዎች እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፣ ቀዳሚት ሰንበትንም ያከብራሉ፤ ስለዚህ ከኦሪት አልወጡም የሚለው ነው። ይህ ክስ አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፖርቱጋል በኩል የመጡ የካቶሊክ ልዑካን ይህንኑ አንሥተውት ነበር፤ ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 እ.ኤ.አ. ባወጡት የእምነት መግለጫ መልስ ሰጥተውበታል። ንጉሡ ስለ ግዝረት ሲናገሩ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም ያለውን የቅዱስ ጳውሎስን ቃል እንደሚያውቁ፣ እንደ አይሁድም እንደማይገርዙ ገልጠው፣ በአገራቸው ያለው ግዝረት የአገር ልማድ ብቻ እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱትም በኢትዮጵያና በኖባ የሚደረገውን የፊት ንቅሳትና ሕንዶች ጆሯቸውን የሚበሱትን ልማድ ነው። ስለ ቀዳሚት ሰንበትም እንዲሁ፣ ውኃ አንቀዳም፣ እሳት አናነድም እንደሚሉት አይሁድ ሳይሆን ቅዳሴ በመቀደስና ለድኻ ማዕድ በማቅረብ እንደሚያከብሯት ጽፈዋል። በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ሥርዓተ ኦሪትን ከሕገ እግዚአብሔር በዚህ ጥራት የለየ ሰው ካለ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ልዩነቱን አታውቅም ማለት መረጃን አለማየት ነው። ስለ ሥርዓቱ ማለፍ የሐዋርያት ጉባኤ በኢየሩሳሌም ወስኗል (ሐዋ. 15)፤ ያው ጉባኤ ግን አሕዛብን ከግዝረት ነጻ ሲያደርግ ከዝሙት እንዲርቁ አዝዟል። ሐዋርያት ሥርዓትንና ምግባርን በአንድ ከረጢት አልከተቱም።

ይህ የተዋሕዶ ወገንተኝነት ብቻ እንዳይመስል ጸሐፊው የቆሙበትን የአውሮፓ ፕሮቴስታንት ተሐድሶ ታሪክ እንይ። ማርቲን ሉተር በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም የመጀመሪያው ክፍል ዐሠርቱ ትእዛዛት ነው። ዮሐንስ አግሪኮላ የተባለው የቅርብ ወዳጁ «ለክርስቲያን ሕግ መስበክ አያስፈልግም» ብሎ ሲነሣ ሉተር ከ1537 ጀምሮ ለዓመታት በተከታታይ ክርክሮች ተቃውሞታል። ካልቪን ደግሞ ሕግ ካሉት ሦስት ጥቅሞች ዋነኛው አማኙን በቅድስና መንገድ መምራቱ እንደሆነ አስተምሯል፤ በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም የምግባር ሕግ የጸደቁትን ጨምሮ ሰውን ሁሉ ለዘላለም ያስገድዳል ይላል። ስለዚህ «ሕግ ተፈጸመ፣ አበቃ» የሚለው ትምህርት የተሐድሶ ትምህርት አይደለም፤ ሉተር በስም ለይቶ የተዋጋው ስሕተት ነው። ጸሐፊው በአግሪኮላ ወገን መቆም መብታቸው ነው፣ ነገር ግን ይህን ማወቅ ለአንባቢያቸው ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስናልፍ፣ ስለ ሰው መውደቅ ከጻፉት ብዙውን ያለ ተቃውሞ እቀበላለሁ። ኃጢአት በአንድ ሰው ወደ ዓለም ገባ፣ ሞትም በኃጢአት፤ ማንም በራሱ ኃይል ከዚህ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ለመማር ተሐድሶን አልጠበቀችም። ተዋሕዶ ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ሦስተኛው፣ በ431 በኤፌሶን የተደረገው፣ ሰው ያለ ጸጋ በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መፈጸም ይችላል የሚለውን የጴላግዮስን ትምህርት ያስፋፋውን ቄሌስጥዮስንና ተከታዮቹን አውግዟል። ይህን ጉባኤ የተቀበለችን ቤተ ክርስቲያን «የጴላግዮስ ልጅ» ብሎ መጥራት፣ ጸሐፊው ባያስቡትም፣ በገዛ ጉባኤዋ ባወገዘችው ትምህርት መክሰስ ነው።

የምንለያየው ግን «በጎን መሻት እንኳ አይችልም» በሚለው ላይ ነው። አዳም ከወደቀ በኋላ እግዚአብሔር ለቃየል የተናገረውን ልብ ይሏል፦ መልካም ባታደርግ ኃጢአት በደጅ ታደባለች፣ ፈቃድዋም ወደ አንተ ነው፣ አንተ ግን ንገሥባት (ዘፍ. 4፥7)። ይህ የተነገረው ከገነት ከተባረረ አባት ለተወለደ ልጅ፣ ያውም እጁ ወደ ነፍስ መግደል ሊዘረጋ ለተቃረበ ሰው ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቃየል ምርጫ የማይቻለው በድን ከሆነ ይህ ትእዛዝ ፌዝ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ደግሞ አይቀልድም። ፈቃድ ቆስሏል፣ ታስሯል፣ ያለ ጸጋም አይፈታም፤ ጠፍቷል ግን አልተባለም።

ከዚህም ይልቅ ለዚህ ክርክር ወሳኝ ሆኖ ሳለ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ ያልተነሣ ሰው አለ፤ እርሱም ቆርኔሌዎስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ዐሥር እንደተጻፈው ይህ የመቶ አለቃ አልተጠመቀም፣ አልተገረዘም፣ የክርስቶስንም ወንጌል ከሐዋርያ አፍ ገና አልሰማም። እግዚአብሔርን ይፈራ፣ ይጸልይ፣ ለሕዝቡም ብዙ ምጽዋት ያደርግ ነበር። መልአኩ ሲገለጥለት የነገረው ጸሎቱና ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዲሆን ማረጉን ነው። «የጽድቅ ሥራ ሁሉ የመርገም ጨርቅ ነው» የሚለውን የኢሳይያስ ጥቅስ (64፥6) ጸሐፊው እንደተረዱት ብንረዳው መልአኩ የጨርቅ ክምር ወደ ሰማይ ወጣ ማለቱ ነው። ኢሳይያስ የተናገረው ግን ከእግዚአብሔር የራቀ ሕዝብ ስለ ራሱ ውድቀት የሚያሰማውን ኑዛዜ ነው፤ ከዚያው ቁጥር አስቀድሞ ጽድቅን የሚያደርገውን እግዚአብሔር እንደሚገናኘው ተጽፏል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቆርኔሌዎስ ለእኛ ወገንም ቢሆን ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ሰባክያን ስለ ምጽዋት ሲያስተምሩ የመጀመሪያውን ክፍል አንብበው ሁለተኛውን ይዘሉታል። ምጽዋቱ ካረገ በኋላ መልአኩ «በቃህ» አላለውም፤ ወደ ኢዮጴ ልከህ ጴጥሮስን አስጠራ አለው። ጴጥሮስ መጥቶ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ ሰበከለት፣ መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ ተጠመቀም። ምግባሩ ወደ ክርስቶስ አደረሰው እንጂ ክርስቶስን አልተካለትም። በዚህ አንድ ምዕራፍ ውስጥ «ሥራ ከንቱ ነው» የሚለውም፣ «ሥራ ይበቃል» የሚለውም መልሱን ያገኛል።

ሦስተኛው ነጥብ አብርሃም ነው። አብርሃም እግዚአብሔርን አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት የሚለው በዘፍጥረት 15 ተጽፏል፤ ጳውሎስም በሮሜ 4 ይህን አንሥቶ ማንም በሥራው እንዳይመካ ያስተምራል። ያዕቆብ ግን አብርሃም ይስሐቅን በመሠዊያው ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ካለ በኋላ «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል (2፥24)። ጸሐፊው ሁለቱን ለማስታረቅ ያዕቆብ የሚናገረው በሰው ፊት ስለ መጽደቅ ነው ይላሉ፤ በእርሳቸው አባባል ሥራ እግዚአብሔር የሚያውቀውን እምነት ለጎረቤት የሚያሳይ መታወቂያ ነው።

ይህ መልስ ያማረ ይመስላል፤ የሞሪያ ተራራ ግን አይሸከመውም። ዘፍጥረት 22ን ቀስ ብሎ ላነበበ፣ አብርሃም ተራራውን ከሩቅ ባየ ጊዜ ሁለቱን ሎሌዎቹን ከአህያው ጋር እዚያው እንዲቆዩ አዝዞ ከልጁ ጋር ብቻውን ወጣ። እንጨቱን የደረደረበትን፣ ይስሐቅን ያሰረበትን፣ ቢላዋውን ያነሣበትን ያ ሰዓት ያየ ጎረቤት የለም፤ ሣራ አላየችም፣ ሎሌዎቹ አላዩም። የነበረው ታሳሪው ልጅ ብቻ ነው። ለሰው ማስረጃ ለማቅረብ የተደረገ ሥራ ቢሆን ኖሮ ምስክሮቹን ከተራራው ሥር ትቶ መውጣት እንግዳ ነገር ነው። የመሰከረው ከሰማይ የመጣው ድምፅ ነው፦ እግዚአብሔርን የምትፈራ እንደሆንህ አሁን ዐወቅሁ። ያዕቆብ ከአብርሃም ሕይወት መርጦ ያነሣው እንግዶችን የተቀበለበትን ወይም ለሎጥ ያደላበትን ቀን ሳይሆን ሰው ያላየውን ይህን ቀን ነው፤ «በሰው ፊት» የሚለው ትርጓሜ የሚወድቀውም በዚህ ነው።

ጳውሎስና ያዕቆብ ሳይጣሉ እንዴት ይታረቃሉ ከተባለ፣ ሁለቱ የሚዋጉት ሁለት ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው። ጳውሎስ የሚመልሰው በግዝረቱና በኦሪት ሥርዓቱ እግዚአብሔርን ባለዕዳው ያደረገ ለሚመስለው ሰው ነው። ያዕቆብ የሚመልሰው ደግሞ ራቁቱን ለቆመና ዕለታዊ ምግብ ላጣ ወንድሙ «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ በቃል ብቻ ለሚሸኝ ሰው ነው። ጳውሎስ ራሱ የያዕቆብን ሰው ቢያገኘው ምን እንደሚለው አናጣውም፤ በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው ብሏልና። ጸሐፊው አዘውትረው የሚጠቅሱት የኤፌሶን ቃልም «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» በሚለው አያበቃም፤ የሚቀጥለው ቁጥር እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ እንደተፈጠርን ይናገራል። ስምንትንና ዘጠኝን ጠቅሶ ዐሥርን መተው በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቦታ ተደግሟል።

አራተኛው ነጥብ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋትና ቀኖና የድኅነት መግዣ ናቸው የሚለው ክስ ነው። ከዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን መናገር ይገባል። በንግሥ በዓል የሰጪዎች ስም ከነገንዘቡ መጠን በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ ከፍ ላለው ረዥም እልልታ ዝቅ ላለው አጭር እልልታ ሲሰጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። ጌታ በምጽዋት ጊዜ መለከት አታስነፋ (ማቴ. 6፥2) ካለው ጋር ይህን ማስማማት አይቻልም። ስለትንም እንደ ውል የሚቈጥር፣ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አስገባለሁ» ብሎ ከቅዱሳን ጋር የሚደራደር ምእመን አለ። እነዚህ ሁሉ ሊታረሙ ይገባል፤ የሚታረሙት ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሚዛን ነው እንጂ ትምህርቱ ራሱ ይህ ነው በማለት አይደለም።

ትምህርቱን ማየት የፈለገ ክርስትና ቤት ይግባ። ወንድ ልጅ በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ሕፃኑ አልጾመም፣ አልሰገደም፣ አልመጸወተም፣ ንስሐም አልገባም። ድኅነት የሥራ ደመወዝ ነው ብላ የምታምን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሕፃን ሁሉን ከፍታ የምትሰጥበት ምክንያት ሊኖራት አይችልም። ልጅነትን በነጻ ትሰጣለች፤ ጾሙና ስግደቱ የሚመጡት በኋላ፣ ልጅነቱን ይዞ ለማደግ ነው። የሚገርመው የሕፃናትን ጥምቀት «ያለ እምነት ነው» ብለው የሚነቅፉት ጸሐፊ፣ እዚያው ጽሑፍ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱን «ጸጋን በሥራ ታስከፍላለች» ብለው መክሰሳቸው ነው።

ቀኖናም እንዲሁ ነው። በስቅለት ዓርብ ማታ ምእመናን ተራ ይዘው ካህኑ ፊት ይቀርባሉ፣ ኃጢአታቸውን ይናገራሉ፣ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን እየጠበጠበ ይህን ያህል ስገዱ ይላቸዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሒሳብ ማወራረድ ሊመስለው ይችላል። ያ ሰጋጅ ግን ከማለዳ ጀምሮ ቆሞ የዋለው የክርስቶስን መከራ እየሰማ፣ በየሰዓቱ «ኪርያላይሶን» እያለ ነው፤ ደመወዝ የሚጠይቅ ሠራተኛ «ማረኝ» አይልም። አባቶች ካህኑን ሐኪም፣ ቀኖናውን መድኃኒት ይሉታል፤ መድኃኒት ዋጋው የተከፈለለት ሕመምተኛ የሚድንበት ነው እንጂ ሐኪሙን የሚከፍልበት ገንዘብ አይደለም። የሰረቀ ሰው ንስሐ ሲገባ የሰረቀውን እንዲመልስ የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው። ዘኬዎስ በአራት እጥፍ እመልሳለሁ፣ ካለኝም እኩሌታውን ለድኾች እሰጣለሁ ሲል ጌታ «ሥራ አያስፈልግም» አላለውም፤ ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል አለው።

በዚሁ ነጥብ ሥር በተአምረ ማርያም የሚነበበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ጠቅሰው፣ 78 ነፍስ የበላ ሰው ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ መባሉ ያሳፍራል ይላሉ። ስለ ታሪኩ ራሱ ሌላ ጊዜ መወያየት ይቻላል። ለአሁኑ ግን አንዱን ይምረጡ፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ ድኅነትን በሥራ መጠን የምትመዝን ከሆነች 78 ነፍስ በጥርኝ ውኃ ሊሸፈን አይችልም፤ ምሕረት ከሥራ መጠን በላይ መሆኑን የምትተርክ ከሆነች ደግሞ ክሱ ይፈርሳል። ጸሐፊው በአንድ ገጽ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ታስከፍላለች፣ በሚቀጥለው ገጽ በጣም ጥቂት ታስከፍላለች ብለው ሁለቱን አንድ ላይ ተናግረዋል።

ምጽዋትንና ፍትሕን ከወንጌል ለይቶ «ማኅበራዊ ጉዳይ» ብለው የተዉት በእርሳቸው ወገን ካለው ታሪክ ጋርም አይስማማም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል የማይነጣጠሉ እንደሆኑ አስረድታለች፤ ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚባለው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጊዜው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ተገድለዋል። በዚያ ትምህርት ያደገ አንባቢ በጎ ሥራ ለመዳን ምንም አይደለም የሚለውን ሲያነብ የኔ ነው የሚለው አይመስለኝም። ሉተራውያንና ካቶሊኮችም ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ በፈረሙት የጋራ መግለጫ በአንድነት የተናገሩት በጸጋ ብቻ ተቀባይነት እንደምናገኝ፣ መንፈስ ቅዱስም ልባችንን እያደሰ ለበጎ ሥራ እንደሚያስታጥቀንና እንደሚጠራን ነው።

ስለ ማቴዎስ 25 የጻፉት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ስለ ሽልማት እንጂ ስለ ድኅነት አይደለም ብለው ያልፉታል። ምዕራፉ ግን የሚያበቃው በዘላለም ቅጣትና በዘላለም ሕይወት ነው። ብራብ አብልታችሁኛል፣ ብጠማ አጠጥታችሁኛል፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል፣ ብታረዝ አልብሳችሁኛል፣ ብታመም ጠይቃችሁኛል፣ ብታሰር መጥታችኋል የሚሉት ስድስቱ ቃላተ ወንጌል የተነገሩላቸው ሰዎች ደግሞ ሒሳብ ይዘው አልመጡም፤ «ጌታ ሆይ፣ መቼ አየንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥራቸው አድኗቸዋል ብሎ የሚመካ ሰው እንዲህ አይጠይቅም፤ ሥራቸው ግን ተቈጥሯል።

ስለ ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ ስለተሰቀለው ወንበዴ፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያ ወንበዴ አንድም ሥራ አልሠራም የሚለው ሉቃስ ከጻፈው ጋር አይገጥምም። ጓደኛውን ገሠጸ፣ የራሱን ፍርድ የሚገባው መሆኑን ተናዘዘ፣ ከዮሐንስ በቀር ሐዋርያት በሸሹበት ሰዓት የጌታን ንጽሕና በአደባባይ መሰከረ፣ ጸለየም። እጅና እግሩ በተቸነከረ ሰው የቀረው አንደበቱ ነበር፤ ያንኑ ሙሉ በሙሉ አዋለው። ጊዜ ላጣው የተሰጠውን ምሕረት ጊዜ ላለው ሰው የስንፍና ምክንያት ማድረግ ክርክር ሊባል አይችልም።

የመጨረሻው ነጥብ «ድነሃል?» ለሚለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ያውቃል» መባሉ ነው። ጸሐፊው ይህን ጥርጣሬ ነው ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ራሱ ሲጽፍ በራሱ ላይ የሚያውቀው ምንም በደል እንደሌለ፣ ቢሆንም በዚህ እንደማይጸድቅ፣ የሚፈርድበት ጌታ እንደሆነ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 4፥4)፤ ለሌሎች ከሰበከ በኋላ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን እየጎሰመ እንደሚያስገዛም በዚያው መልእክት ጽፏል (9፥27)። ይህን የጻፈው ሦስተኛውን ሰማይ ያየ፣ በደማስቆ መንገድ በክርስቶስ የተጠራ ሰው ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎችም በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ ካለ በኋላ ወዲያው መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላቸዋል። በአንዲት የገጠር እናት አፍ «እሱ ያውቃል» የሚለው መልስ ሲወጣ የክርስቶስን ማዳን መጠራጠር አይደለም፤ ፍርዱን ለባለቤቱ መተው ነው። ያቺ እናት ጥምቀቷን አትጠራጠርም፣ ቅዱስ ቁርባኑን አትጠራጠርም፣ ክርስቶስ ስለ እርስዋ መሞቱን አትጠራጠርም። የምትጠራጠረው ራስዋን ነው፤ ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥባቸው ስለ ሰው ልብ ክፋት የጻፉት እውነት ከሆነ ደግሞ ይህን በማድረግዋ ሊነቅፏት አይችሉም።